በሰው አገር ሰልፍ ዳር
በሲሬ ከተማ ለተሰበሰበ ሕዝብ የቀረበ ዲስኩር

እህሉ ገና ተሰብስቦ ሳያልቅ፣ ኮምባይነሩ ባንዱ ማሳ፣ በሬው በሌላው አውድማ ላይ ባለበት ሰዓት ሥራችሁን አቋርጣችሁ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። ጥምቀት ሊደርስ የቀረው ሁለት ሳምንት ነው፤ እኔም የመጣሁት ለእሱ ነው። ይህ ንግግር ከበዓሉ በፊት እንዲሆን የፈለግኩት በምክንያት ነው። መጨረሻ ላይ የምለምናችሁ ነገር አለኝና የምትዘጋጁበት ጊዜ እንዲኖራችሁ ብዬ ነው።

ልናገር ያሰብኩት በየዓመቱ ወቅቱን ጠብቆ በሰው ደጅ ስለሚያልፍ የበዓል ሰልፍ ነው። አንዱ የእናንተ ነው፤ ታውቁታላችሁ። ሌላው የስዊድኖች ነው። እኔ ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ በአርሲዋ ሲሬ፣ ወረዳው “ዶዶታና ሲሬ” ተብሎ ከደራ ይተዳደር በነበረበት ዘመን ነው። አሁን የምኖረው ኡፕሳላ በሚባል የስዊድን ከተማ ሲሆን፣ እንጀራዬ አቅመ ደካማ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። ያንን የሰው አገር ሰልፍ ለብዙ ዓመታት ዳር ቆሜ ሳይ፣ እዚህ ሳለሁ አስቤው የማላውቀውን ነገር ስለ ሲሬ ጥምቀት አስተዋልኩ። ሰልፍን ከዓመት ዓመት የሚያሻግረው ለእያንዳንዱ ሰው፣ ለሕፃኑም ለሽማግሌውም፣ የሚሠራው ነገር መሰጠቱ ነው። የተመልካቹ ብዛትና የልብሱ ማማር ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። ዛሬ የምላችሁ ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ማስረጃዬ ነው።

አስቀድሜ ስለ እነሱ ሰልፍ ልንገራችሁ። ሉሲያ ይባላል፤ የሚውለው ዴሴምበር 13፣ በእኛ ብዙውን ጊዜ ታኅሣሥ 4 ቀን ነው። በዚያን ሰሞን ኡፕሳላ ላይ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ነው፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ደግሞ ትጠልቃለች። ብርሃን የሚባለው ስድስት ሰዓት አይሞላም፤ እሱም ቢሆን ደመና የጋረደው፣ ከዛፍ ጫፍ ብዙ ከፍ የማይል ብርሃን ነው። ሰው ወደ ሥራ ሲሄድ ጨለማ ነው፤ ሲመለስም ጨለማ ነው። የሲሬ ሰው በክረምቱ ጭጋግ ይማረራል፤ ቢሆንም ሐምሌ ላይ እንኳ ሰዓቱ ሲደርስ ይነጋል። እዚያ ንጋቱ ራሱ ይናፍቃል።

በዚያ ጨለማ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ እኔ በምሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ መብራቱ ሁሉ ይጠፋል። አረጋውያኑን ቀድመን አጣጥበን፣ አልብሰን፣ መራመድ የማይችሉትን በተሽከርካሪ ወንበር ገፍተን አዳራሽ ውስጥ አሰባስበናል። ማንም አይናገርም። ከኮሪደሩ ጫፍ የልጆች ዝማሬ ይሰማል፤ ቀስ ያለ ዝማሬ ነው፤ እየቀረበ ይመጣል። ከዚያ በሩ ይከፈትና ነጭ ረጅም ቀሚስ የለበሰች፣ ወገቧን በቀይ መቀነት የታጠቀች፣ ሻማ የተተከለበት አክሊል የደፋች ልጅ ትገባለች። ሉሲያ እሷ ናት። ከኋላዋ ነጭ የለበሱ ልጃገረዶች በእጃቸው ሻማ ይዘው ይከተላሉ። ወንዶቹ የወርቅ ቀለም ኮከብ የተለጠፈበት ሾጣጣ የወረቀት ቆብ ደፍተዋል፤ በዘንግ ላይ የተሰካ ኮከብም ይይዛሉ። ትንንሾቹ ቡናማ ለብሰው የዝንጅብል ብስኩት ሆነው ይመጣሉ። ይዘምራሉ፤ ያልፋሉ። ከዚያ መብራቱ ይበራና ቡና ይቀርባል፤ ከቡናው ጋር ሳፍሮን በሚባል ቅመም ቢጫ የሆነ፣ ዘቢብ የተጣለበት ዳቦ ይታደላል። በሆስፒታሉም፣ በትምህርት ቤቱም፣ በመሥሪያ ቤቱም በዚያ ጠዋት የሚሆነው ይኸው ነው። ለኖቤል ሽልማት ስቶክሆልም የመጡ ሊቃውንትን እንኳ በሆቴላቸው በዝማሬ የሚቀሰቅሱበት ልማድ አላቸው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያየሁት አንድ ነገር ከልቤ አልጠፋም። ዕድሜያቸው ከዘጠና ያለፈ አንዲት እናት ነበሩ። የልጆቻቸውን ስም ያምታቱ ነበር፤ ምሳ መብላታቸውንም ይረሳሉ። ሉሲያዋ በአጠገባቸው ስታልፍ እጇን ያዝ አደረጉና “ከአክሊሉ ሥር እርጥብ ጨርቅ አድርገሻል?” ብለው ጠየቋት። ልጅቷ ግራ ገባት፤ የእሷ አክሊል በባትሪ የሚበራ ነው። በእሳቸው ጊዜ ግን የሚነደው የእውነት ሻማ ነበር። ሰሙ ቀልጦ ጠጕር እንዳያቃጥል ከአክሊሉ ሥር እርጥብ ጨርቅ ይደረግ ነበር። ለካ እኚህ እናት በልጅነታቸው ሉሲያ ሆነው ኖሯል። ቆመው ያዩትን ሰልፍ ሁሉ ዘንግተዋል፤ በራሳቸው የተሸከሙትን ግን አልዘነጉም።

ሉሲያ ማን ናት? ሰማዕት ናት። እ.ኤ.አ. በ304 ገደማ በሲሲሊ ደሴት፣ ሰራኩስ በምትባል ከተማ፣ በዲዮቅልጥያኖስ ዘመን ተገደለች። ዲዮቅልጥያኖስን እዚህ ያላችሁ ካህናት አባቶቼ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ፤ ስንክሳሩ በእሱ ዘመን ደማቸው በፈሰሰ ቅዱሳን የተሞላ ነው። ስዊድን በ16ኛው መቶ ዘመን የሉተርን ትምህርት የተቀበለች፣ አብዛኛውን የቅዱሳን በዓል ያስቀረች አገር ናት። የዚህች የሩቅ አገር ሰማዕት ቀን ግን እስከ ዛሬ ይከበራል።

አንዱ ምክንያት የቀን አቆጣጠር ነው። ስዊድን ወደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር የገባችው እ.ኤ.አ. በ1753 ነው። ከዚያ በፊት፣ በዩልዮስ አቆጣጠር፣ ከዓመቱ ሌሊት ሁሉ ረጅሙ የሉሲያ ሌሊት ነው ተብሎ ይታመን ነበር። አቆጣጠሩ ሲለወጥ ረጅሙ ሌሊት ወደ ዴሴምበር 21 ገደማ ሄደ፤ ሰዉ ግን 13ን አልለቀቀም። እኛ ለዚህ ነገር ባዕድ አይደለንም። ጥር 11 ብለን የምናከብረው ቀን በዩልዮስ አቆጣጠር ጃንዋሪ 6 ነው። ስዊድኖችም በራሳቸው አቆጣጠር ጃንዋሪ 6ን የሰብአ ሰገልን መምጣት እያሰቡ ያከብሩታል፤ ሥራ የሚዘጋበት በዓል ነው። ወንዶቹ ልጆች በሉሲያ ሰልፍ የሚይዙት ኮከብ የመጣው ከዚያ በዓል ነው። ድሮ በጃንዋሪ ሰሞን ኮከብ ይዘው ከቤት ቤት እየዞሩ ይዘምሩ ነበር፤ ኋላ ከሉሲያ ጋር ተቀላቀሉ። በኡፕሳላ ኮሪደር የሚያልፈው ኮከብና በሲሬ ሜዳ ድንኳን ውስጥ የሚያድረው ታቦት ከአንድ ጥንታዊ ቀን የተነሡ ናቸው። ይህን ያወቅኩ ዕለት ሰልፉን የማይበት ዓይኔ ተለወጠ።

ሁለተኛው ምክንያት ሰዎች ሆን ብለው ስለደከሙበት ነው። ነጭ የለበሰች ሉሲያ መኖሯ መጀመሪያ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1764 በምዕራብ ስዊድን በአንድ ባለርስት ቤት ነው። ለረጅም ጊዜ የዚያ አካባቢ ልማድ ሆኖ ቆየ። ስቶክሆልም የሚገኘው ስካንሰን የተባለው ሰፊ ሙዚየም በ1890ዎቹ ማክበር ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1927 አንድ የስቶክሆልም ጋዜጣ የከተማዋን ሉሲያ በውድድር አስመረጠ፤ ልማዱም ከዚያ ወዲህ ባገሩ ሁሉ ተዳረሰ። እንግዲህ ብዙ ሰው ከጥንት የወረሰው የሚመስለው የከተማ ሰልፍ፣ አሁን ባለው መልኩ መቶ ዓመት ያህል ዕድሜ ነው ያለው። ይህን ስሰማ በዓሉን አልናቅኩትም። ይልቅስ ስለ እኛ አሰብኩ፤ በዓል እንዲህ በሰው ድካም የሚስፋፋ ከሆነ፣ ሰው ካልደከመለት ደግሞ በአንድ ትውልድ ሊደክም ይችላል።

አሁን ዳር ስለመቆም ልናገር። ስዊድኖች ክፉ አልሆኑብኝም። ቡናውም ዳቦውም ይደርሰኛል፤ ቦታም ይለቁልኛል። ያም ሆኖ ሰልፉ ሲያልፍ ደረቴን የሚጫነኝ ነገር ነበር፤ ናፍቆት ነው እለው ነበር። የምን ናፍቆት እንደሆነ ግን ቆይቶ ነው የገባኝ። ጥምቀትን ማየት እንዳልል፣ ጥምቀት በስልክ ይታያል፤ የአዲስ አበባው ጃንሜዳ፣ የጎንደሩ የፋሲለደስ መዋኛ እዚያው ኡፕሳላ ድረስ በቀጥታ ይመጣል። እኔን የናፈቀኝ ሰው እንዲፈልገኝ ነው። ብቀር “እሷስ የት ሄደች? ቄጠማውን ማን ሊያመጣ ነው?” የምባልበት ቦታ ነው።

የሲሬን ጥምቀት እናንተ ፊት መግለጽ ድፍረት ነው። ግን ከሩቅ ሆኜ እንዴት እንደሚታየኝ ስሙኝ። ገና ጥር 9 ቀን ወጣቶቹ መንገዱን ይጠርጋሉ፤ ድንጋዩን ይለቅማሉ፤ ጉድጓዱን በአፈር ይደለድላሉ። አንዱ ቤት ድንኳን ያውሳል፤ ሌላው ገመድና ካስማ። ጥር 10 ጠዋት ሴቶች ልጆች ወንዝ ወርደው ቄጠማ ያጭዳሉ። የእኔ ድርሻ ይህ ነበር፤ ቄጠማው እጅ ይቆርጣል፤ ጭቃው እስከ ጉልበት ነው፤ ስንመለስ የአዲሱ ቀሚሳችን ነገር እናቶቻችንን ያስጨንቃል። ከቀትር በኋላ ታቦታቱ ሲወጡ ዲያቆናቱ ጥላና መስቀል ይዘው ይቀድማሉ፤ ካህናቱ በጸናጽልና በመቋሚያ ይከተላሉ፤ የሰንበት ተማሪዎች በየመደባቸው ይሰለፋሉ። ምንጣፍ አንጣፊዎቹን ግን ልብ ብላችሁ እዩልኝ። ታቦቱ የረገጠውን ምንጣፍ ከኋላ ጠቅልለው፣ በሕዝቡ መካከል ሮጠው፣ ከፊት ያነጥፉታል፤ እንደገና ጠቅልለው እንደገና ይሮጣሉ፤ ላባቸው ይንጠፈጠፋል። ከእነሱ ብዙዎቹ ዓመቱን ሙሉ ሥራ ፈቶች ተብለው የሚወቀሱ ጎረምሶች ናቸው። በዚያን ዕለት ግን ያለ እነሱ ታቦቱ አንድ እርምጃ አይሄድም።

ሌሊቱን ደግሞ አስቡት። ታቦታቱ ባሕረ ጥምቀቱ ዳር ባለው ድንኳን ያድራሉ። ካህናቱ በማሕሌት ይቆማሉ፤ ከሲሬ በላይ ካለው ደጋ የሚወርደው ብርድ አጥንት ይሰብራል። እናቶች ንፍሮውን፣ ዳቦውን፣ ትኩስ ነገሩን ተሸክመው ይመላለሳሉ። እሳት የሚያነድ አለ፤ እንጨት የሚያመጣ አለ፤ ድንኳኑን ዙሪያውን የሚጠብቅ አለ። በማግስቱ ጠዋት ውኃው ተባርኮ ሲረጭ ሕፃን የሚያቅፍ፣ ዓይነ ስውር የሚመራ፣ የተጋፋውን ሕዝብ “ቀስ በሉ” እያለ የሚያሰልፍ አለ። ሌሎቹ ታቦታት ሲመለሱ ቅዱስ ሚካኤል እስከ ጥር 12 ይቆያልና፣ ደክሟቸውም ቢሆን ለእሱ የሚቀሩ አሉ። በልጅነቴ መንገድ ሲጠረግ የጎረቤቶቻችን የሙስሊም ቤተሰብ ልጆች መጥረጊያ ይዘው ከእኛ ጋር ይሰለፉ ነበር፤ ማንም ኑ ብሎ አልጠራቸውም፤ ማንም ለምን መጣችሁ አላላቸውም። ውኃ የሚያወጡልን እናታቸው ነበሩ። ዒድ ሲደርስ ደግሞ እኛ ወደ እነሱ እንሄድ ነበር።

ይህን ሁሉ ሥራ ስትደምሩት፣ ዳር ቆሞ ለማየት ብቻ የተረፈ ሰው ይኖራል? እኔ የማስታውሰው ጥቂት ነው። በልጅነቴ ጥምቀትን አይቼው አላውቅም ብል እውነቴን ነው፤ ውስጡ ነበርኩና።

ወደ ኡፕሳላ ልመለስ። ልጄ እዚያ ትምህርት ቤት የገባች ዓመት መምህራኑ ለሉሲያ ሰልፍ ድርሻ አከፋፈሉ። ልጄ ኮከብ ያዥ መሆን መረጠች፤ ሴት ልጅም መያዝ ይፈቀድላታል። መዝሙሩን ለሳምንታት አጠናች፤ ሽንት ቤት ስትገባ እንኳ ስታዜም እሰማት ነበር። ልብሱን እኔ ሰፋሁት፤ እናቴ ከሲሬ በላከችልኝ ሸማ ነው የሰፋሁት፤ ጥለቱን ከእጅጌው ጫፍ ላይ አስቀረሁት። በዚያ ጠዋት ከወላጆች ጋር ቆሜ ሳያት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰልፉ የሰው ሰልፍ አልመሰለኝም። የተለወጠው የእኔ ስሜት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በሚቀጥለው ቀን በመኖሪያችን ደረጃ ላይ የማያናግሩኝ የነበሩ ወላጆች የልብሱን ጨርቅ እየነኩ ከየት እንዳመጣሁት ጠየቁኝ። ሲሬ የሚባል አገር አለ አልኳቸው።

መልካሙን ብቻ ነግሬ ላታልላችሁ አልፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ ትልቅ የስዊድን መደብር ጠቆር ያለ መልክ ያለውን ሕፃን የሉሲያ አክሊል አስደፍቶ ማስታወቂያ አወጣ። ወዲያው የዘረኞች ስድብ ጎረፈበትና ማስታወቂያው በወላጆቹ ጥያቄ ተነሣ። ለሕፃኑ የቆሙ ስዊድኖችም ብዙዎች ነበሩ፤ ስድቡ ግን ተጽፏል፤ ልጆቻችንም ማንበብ ይችላሉ። እንደ እኔ ያለች እናት ያንን ሰሞን ልጇን ኮከብ አስይዛ ስትልክ ሆዷ እንዴት እንደሚሆን እናንተ ታውቃላችሁ። ያም ሆኖ መምህራኑ ድርሻ ማከፋፈላቸውን አላቆሙም። የአገሩ ሰልፍ የማን እንደሆነ የሚለየው የተሳዳቢው ጽሑፍ ሳይሆን የእነዚያ መምህራን ዝርዝር ነው፤ በዝርዝሩ ላይ ስሟ ያለ ልጅ የሰልፉ ባለቤት ናት።

ስዊድኖች ከእኛ ከአርሲዎች ጋር የቆየ ታሪክም አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1967 የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት ተስማምተው የጭላሎን የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ብዙ ሰው ካዱ የሚለውን፣ አሰላ ላይ አቋቋሙ። ስዊድናውያን ባለሙያዎች ከነቤተሰባቸው አሰላ ተቀመጡ። በቁሉምሳ የተሞከረው ስንዴ፣ የማዳበሪያው ብድር፣ የተዳቀለችው ላም ከዚያ ዘመን ናቸው፤ በትራክተሩ ምክንያት ከመሬት የተነቀሉ ጭሰኞች እንባም ከዚያው ዘመን ነው። እነዚያ ሰዎች በእርሻችን ውስጥ እጃቸው ገብቷል። ጥር ሲደርስ ግን፣ እኔ በእነሱ አገር እንደማደርገው፣ እነሱም በእኛ አገር ዳር ቆመው ያዩ እንደነበር መገመት አያስቸግርም። ለእንግዳ ክብር ስንሰጥ ወንበር እናቀርብለታለን፤ ጥላ እንይዝለታለን፤ ፊት እናስቀምጠዋለን። መልካም ባህል ነው። ነገር ግን ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ይዞ የሚሄደው ፎቶግራፍ ነው። ጥምቀት እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ከገባ ወዲህ ካሜራ የያዘው እንግዳ ይበዛል እንጂ አያንስም፤ ስለዚህ ነገሩን ከአሁኑ ብናስብበት ይሻላል።

ለሁሉም ድርሻ የመስጠትን ነገር የአርሲ እናቶች ከማንም በፊት ያውቁታል። ሃደ ሲንቄዎች እዚህ ስላላችሁ ካጠፋሁ አርሙኝ። ልጅ ስትዳር እናቷ ሲንቄ የሚባለውን በትር ትሰጣታለች። ዝናብ ሲጠፋ ሴቶች ሲንቄያቸውንና እርጥብ ሣር ይዘው እያዜሙ ይወጣሉ፤ ፈጣሪን ይለምናሉ። ሴት ስትበደል፣ ይልቁንም አራስ ቤት ሳለች ስትመታ፣ ድምፅ ይሰማል። ያንን ድምፅ የሰማች ሁሉ የያዘችውን ሥራ ጥላ፣ ሲንቄዋን አንሥታ ትወጣለች። ምጣዷን ትታ ትወጣለች፤ ላሟን ሳታልብ ትወጣለች። በዳዩ በሽማግሌ ፊት ይቅርታ እስኪጠይቅና እስኪክስ አይመለሱም። በዚያ ሰልፍ ላይ ተመልካች የለም፤ ሊኖርም አይችልም፤ ሲንቄ ያላት ሴት ሁሉ ተጠሪ ናትና። እኔ ስለ ሰልፍ ብዙ መጽሐፍ አላነበብኩም፤ ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር ግን ያለ አይመስለኝም።

በስደት ያለነው እኛ ግን በዚህ ነገር እየደከምን ነው። በሰው አገር ጥር 11 የሥራ ቀን ከሆነ በዓሉ ወደ ቅዳሜ ወይም ወደ እሑድ ይገፋል። በረዶ መሬቱን ሸፍኖታል፤ ውኃው በገንዳ ይባረካል፤ ታቦቱ የተከራየነውን ሕንፃ ዞሮ ይገባል። ካህናቱና ጥቂት ትልልቅ ሰዎች ሥራውን ሁሉ ይዘውታል፤ ደክመው፣ ከሥራ ፈረቃ መልስ እንቅልፍ ሳያገኙ፣ በእውነት ተመስጋኝ ናቸው። ልጆቹ ግን ግድግዳ ተደግፈው ይቆማሉ፤ ቋንቋው አይገባቸውም፤ “ዝም በሉ፣ አትነካኩ” ነው የሚባሉት። ታኅሣሥ 4 ቀን ኮከብ የያዘችው ልጄ፣ ጥር ላይ በገዛ በዓሏ ባዶ እጇን ትቆማለች። አንድ ዓመት “እኔ ምን ልያዝ?” ብላ ጠየቀችኝ። የምሰጣት አልነበረኝም። የሚኒሶታ ኦሮሞዎች ኢሬቻን በሐይቅ ዳር ሲያከብሩ ለእያንዳንዱ ሕፃን እርጥብ ሣር በእጁ መስጠት ይችላሉ፤ በዓሉ ራሱ ለሁሉም የሚያዝ ነገር አለውና በዚህ ከእኛ የተሻሉ ይመስለኛል።

ከሩቅ መመልከት ሌላም ጣጣ አለው። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ላይ ለኢሬቻ ምስጋና የወጣ ሕዝብ፣ አስለቃሽ ጭስ ተተኩሶ በተነሣው መረጋገጥ ሲያልቅ፣ እኛ በስልክ ነበር የምናየው። ሰኔ 2012 ሲያልቅ፣ ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ፣ በአርሲ ከተሞች ሰው እየተለየ ሲገደልና ቤቱ ሲቃጠል እንዲሁ በስልክ ነበር የምናየው። ዳር ሆኖ የሚያይ ሰው መጮህ እንጂ ማገድ አይችልም። ጩኸቱም አንዳንድ ጊዜ እሳት ያባብሳል። እሳት በተነሣበት መንደር ጎረቤቱን ቤቱ ውስጥ ደብቆ ያተረፈ ሰው እንደነበረ እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። እንዲህ ያለ ሰው የጎረቤቱን ልጅ በስሟ የሚያውቃት፣ በበዓሉም በሐዘኑም እጁ የነበረበት ሰው ነው ብዬ አምናለሁ። መጥረጊያ ይዘው ከእኛ ጋር መንገድ የጠረጉትን ልጆች ያነሣሁት ለጨዋታ አይደለም። ዘንድሮም መጥረጊያው ይበርክት፤ ለእነሱም ይዳረስ።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። ዘንድሮ ለጥምቀት ከውጭ የሚመጡ ልጆች አሉ፤ ከስዊድን፣ ከአሜሪካ፣ ከዓረብ አገር። የእኔም ልጅ አንዷ ናት። ከአዲስ አበባና ከአዳማ የሚመጡትም፣ ሲሬን በስም ብቻ የሚያውቁ፣ ጥቂት አይደሉም። እባካችሁ ወንበር አታቅርቡላቸው። ምንጣፍ አንጣፊ ወጣቶች ሆይ፣ ከእናንተ መካከል ሁለት ሁለት ልጅ ይግባ፤ ምንጣፉ ከባድ ነው፣ አንድ ጫፍ ይያዙ፤ መሮጡ ያቅታቸዋል ብላችሁ አትስጉ። የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪዎች፣ መዝሙሩን ባያውቁ ጭብጨባውን ታውቁበታላችሁ፤ አስጨብጭቧቸው። ሌሊት ንፍሮ የምታደርሱ እናቶች፣ ሰሐኑን አስይዟቸው። ቄጠማ የሚያጭዱ ልጆች ካሁን በፊት ቄጠማ ያልነካች እጅ ይዘው ወንዝ ይውረዱ፤ ቢቆርጣትም ትቁረጥ። ስልክ የያዘ ካለ እጁ በሥራ ከሞላ ስልኩ ራሱ ኪሱ ይገባል፤ ስለዚህ ቁጣ አያስፈልግም። አማርኛውም ኦሮምኛውም የማይሆንላቸው ይኖራሉና ከመናገር ይልቅ በእጅ አሳዩዋቸው።

ካህናት አባቶቼ፣ ለክህነት የተለየውን እኔ አልነካም፤ እሱ የእናንተ ነው። ከዚያ ውጭ ባለው ግን ስንት የሚሠራ ነገር እንዳለ እናንተው ቆጥራችሁ ብትነግሩን እንከፋፈለዋለን።

ከዚህ ንግግር በኋላ በሩ አጠገብ ደብተር ይዘው የሚቀመጡ ሁለት ልጆች አሉ። ከውጭም ከሌላ ከተማም ልጅ የሚመጣባችሁ ቤተሰቦች ስሙንና ዕድሜውን አስመዝግቡ፤ የትኛው ሥራ እንደሚደርሰው ጥር 8 ቀን ከሰዓት በኋላ ተሰብስበን እንመድባለን። ጥር 9 ጠዋት መንገድ የሚጠርጉት አስቀድመው ይምጡ፤ መጥረጊያውን እኛ እናዘጋጃለን። ሌሊት ከድንኳኑ አጠገብ ለሚቆዩት ወፍራም ልብስ ያስፈልጋል፤ ከውጭ የሚመጡት አገራችን ሙቅ ነው ብለው ስስ ልብስ ይዘው ነው የሚመጡትና ጋቢ ያለው ጋቢ ያውሳቸው። አሁን ጥያቄ ያለው ይጠይቀኝ፤ እናቶች ብትጀምሩ ደስ ይለኛል።